አክሱም ላይ ግንበኛ የነበረ አስጎብኚ ይዤ ዋልኩ

ፍርዴን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። አክሱም ከሄዳችሁ አስጎብኚ ያዙ፤ ከተገኘ ደግሞ እጁ ድንጋይ የነካ ሰው ያዙ። እኔ ባለፈው ጥር ከእናቴ ጋር ሄጄ ያገኘሁት ሰው ሃያ ምናምን ዓመት ግንበኛ የነበረ ነው። ወገቡ እምቢ ሲለው ወደ ማስጎብኘት ገባ። የከፈልኩት አልቆጨኝም። ነገም ብሄድ እሱን ነው የምፈልገው።

አክሱም ስሄድ የመጀመሪያዬ አይደለም። ከዓመታት በፊት ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር ሄጄ ነበር። ያኔ የያዝነው አስጎብኚ የነገሥታቱን ስም በተርታ ጠራልን፣ ሐውልቶቹ ሥር ፎቶ ተነሳን፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጨርሰን ቡና ላይ ተቀመጥን። ቤቴ ስገባ በጭንቅላቴ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ትልቅ ድንጋይ። የምተዳደረው በሕንፃ ሥራ ነው፤ ሳይት ላይ ነው የምውለው። እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አንድ ጥያቄ እንኳን ሳልጠይቅ መመለሴ ለዓመታት ሲከነክነኝ ኖሯል።

ስለዚህ ዘንድሮ እናቴ ጽዮንን ልሳለም ስትል አጋጣሚውን ያዝኩት። ያረፍንበት ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ላይ ያለችውን ልጅ "ስለ አሠራሩ የሚያስረዳ ሰው አለ?" አልኳት። ትንሽ አሰበችና "አንድ አለ፣ ግን ብዙ ያስኬዳል" አለችኝ። ይሄኔ ልክ ሰው እንዳገኘሁ ገባኝ። ስሙን እዚህ አልጽፍም፣ አላስፈቀድኩትም። እኔ ቀኑን ሙሉ ጋሼ እያልኩት ዋልኩ፣ እሱ እኔን "ሓወይ" እናቴን "እማማ" እያለ።

ዋጋውን ማታውኑ በስልክ ተነጋገርን። የሚያስከፍለው ለቀኑ ነው፣ በሰው ቁጥር አይደለም፤ ሁለት ብትሆኑም አምስት ብትሆኑም ያው ነው። መግቢያና ባጃጅ ለብቻ ነው። ይህን ቀድሞ በግልጽ መናገሩ ራሱ ደስ አለኝ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ሐውልቶቹ ካረፍንበት ቤት የአሥር ደቂቃ መንገድ ናቸው። እሱ ግን ባጃጁን ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ አስነዳው። እናቴ ግራ ገብቷት ታየኛለች። "ቤት ስታይ ከጣሪያው ትጀምራለህ እንዴ?" አለኝ። የወሰደን ከከተማዋ በስተምዕራብ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ጎበድራ ኮረብታ ነው። ሐውልቶቹ የተፈለጡት እዚያ ነው።

ስለ ጎበድራ ብዙ ሰው አይነግራችሁም። ትልልቅ ድንጋዮች ያሉበት ኮረብታ ነው፣ ከሩቅ ምንም አይመስልም። ጠጋ ስትሉ ግን አንዳንዱ አለት ላይ በቀጥታ መስመር የተቦረቦሩ አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች ታያላችሁ። እኩል እኩል ተራርቀው፣ አንድ ሰው በገመድ ለክቶ እንዳሰመራቸው። እነዚህ የሽብልቅ ቦታዎች ናቸው። ሽብልቁን በተርታ ትሰካለህ፣ ከዳር እስከ ዳር እያፈራረቅህ ትመታዋለህ፣ ድንጋዩ በመስመሩ ላይ ቀጥ ብሎ ይለያል። ጋሼ ጣቱን ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ እያዘለለ የመዶሻውን ምት በአፉ አሰማን። አንዱ አለት ላይ መስመሩ ተቦርቡሮ አልቋል፣ ድንጋዩ ግን አልተለየም። ሥራው እዚያ ላይ ቆመ፣ ሠራተኞቹ ሄዱ፣ እስከ ዛሬ የተመለሰ የለም። እኔ እዚያች ቀዳዳ ውስጥ እጄን ከትቼ ብዙ ቆየሁ። ሳይት ላይ ጅምር ሥራ ጥሎ መሄድ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።

ድንጋዩን ሁላችንም ግራናይት እንለዋለን። የጂኦሎጂ ሰዎች ኔፌሊን ሳየናይት ይሉታል። ጠንካራ ነው፣ ሲቀረጽ ጠርዙን ይይዛል፣ ዝናብ በቀላሉ አይበላውም። ጋሼ በሙያው ዘመን የሞከረውን ሲያወራ "ይህ ድንጋይ መሮ ይጨርሳል" አለ። እዚያው ኮረብታ ላይ ከሦስት ሜትር በላይ የምትረዝም አንበሳ አለት ላይ ተቀርጻ አለች፤ እናቴ ስለ ቅዱስ ሚካኤልና ስለ አንበሳዋ የሚነገረውን ታሪክ ከሱ ስትሰማ እዚያው ተቀመጠች፣ እኛ ደግሞ ወደ ቁልቁለቱ ሄድን። ድንጋዩ በየት በኩል እንደሚወርድ እያሳየኝ ነበር። ግንድ፣ ገመድ፣ ማንሻ እንጨትና የሰው ብዛት። ሌላ መሣሪያ የለም። አራት ኪሎ ሜትር።

እንግዲህ ሐውልቶቹ ጋ ስትደርሱ ይህ ሁሉ በጭንቅላታችሁ አለ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ድንጋዩ ከየት እንደመጣ እግራችሁ ያውቀዋል።

ጋሼ በቀጥታ የወሰደን ወደ ወደቀው ነው። ቆመው ያሉትን ቀና ብለን እንድናይ አልፈቀደልንም። "መጀመሪያ ያልተሳካውን እዩ" አለ። የወደቀው ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ክብደቱ ወደ 520 ቶን ይገመታል። እኔ በሲኖትራክ ሒሳብ ሠራሁት፦ አርባ አርባ ቶን ብትጭን 13 መኪና። ግን ይህ የተከፋፈለ ጭነት አይደለም፣ አንድ ወጥ ድንጋይ ነው። የእኛ ሳይት ታወር ክሬን ክንዱ ጫፍ ላይ የሚያነሳው ሁለት ቶን ነው።

በአራቱም ጎኑ 13 ፎቅ ያለው ቤት ተቀርጾበታል። በር አለው፣ መስኮት አለው፣ በየፎቁ መሐል ክብ ክብ የወጡ ራሶች አሉት። ዛሬ አምስት ስድስት ቦታ ተሰባብሮ ተኝቷል። ምሁራኑ ሲያቆሙት ወይም ካቆሙት ብዙ ሳይቆይ እንደወደቀ ነው የሚገምቱት። ለምን? ጋሼ ወደ ግርጌው ወሰደኝና በእርምጃ አስለካኝ። ያልተቀረጸውን፣ መሬት ውስጥ እንዲገባ የተተወውን ክፍል ማለቴ ነው። ከርዝመቱ ጋር ስታስተያዩት በጣም አጭር ነው። ስልክ እንጨት የተከለ ሰው ሁሉ ይህ እንደማያዋጣ ያውቃል። ሲወድቅ ጫፉ ነፋስ መውጫ የሚባለውን መቃብር ክዳን መታው፤ ያ ክዳን ራሱ ርዝመቱ 17 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ከ300 ቶን በላይ የሆነ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፤ መቃብሩም ከሥሩ ተደረመሰ።

እዚያ ቆሜ ያሰብኩትን በቅንነት ልጻፍ። ከዚህ ሐውልት በፊት ትልልቅ ሐውልቶችን ማቆም ችለዋል። እያሳደጉ፣ እያስረዘሙ፣ እያስጌጡ መጥተው እዚህ ደረሱ፤ እዚህ ላይ አቅማቸው አለቀ። ከዚህ በኋላ ይህን የሚያህል ማንም አላቆመም። ለእኔ ከቆሙት ይልቅ የወደቀው የሚበልጥ ሥራ ነው። ለምን እንደሆነ ግንባታ ላይ የዋለ ሰው ያውቀዋል። ስሌቱ ድንጋዩ ላይ ተጽፎ ቀርቷል።

ከዚያ ወደ ቆመው፣ የኢዛና ወደሚባለው ሄድን። 21 ሜትር ገደማ ነው። ከጥንት ጀምሮ ሳይወድቅ የኖረው ትልቁ እሱ ነው። ሦስት ጎኑ ተቀርጿል፣ ጀርባው ልሙጥ ነው። በሩ ላይ ቁልፍ ሳይቀር በድንጋይ ተሠርቷል። ጫፉ ላይ ደግሞ ምስማር የተመታባቸው ቀዳዳዎች አሉ፣ ከብረት የተሠራ ነገር ተለጥፎበት ነበር። ጥቂት ያዘነብላል፣ ስለዚህም ድጋፍ ተደርጎለታል። እናቴ "ይህን ያህል ዘመን ቆሞ አሁን ምን ነካው?" ብላ ጠየቀች። ጋሼ መልሱን ወደ ኋላ አቆየው። መቃብሮቹ ጋ ስንደርስ ነው የመለሰው፣ እኔም እዚያ ስደርስ እነግራችኋለሁ።

ከሮም የተመለሰውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። 24 ሜትር ገደማ ነው፣ ክብደቱ ወደ 160 ቶን። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1937 ወሰዱት፣ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን ተመለሰ፣ በነሐሴ 2000 ዓ.ም. መጨረሻ ተመረቀ። እናቴ ያን ቀን በቴሌቪዥን እያየች ማልቀሷን ለጋሼ ነገረችው፣ እሱም የዚያን ቀን የት ቆሞ እንደነበር ነገራት፤ እኔ ዝም ብዬ ሰማኋቸው። ለእኔ አዲስ የሆነብኝ አገጣጠሙ ነው። ሦስቱን ክፍሎች ያያያዟቸው በብረት ሳይሆን ከጠንካራ ሰው ሠራሽ ፋይበር በተሠሩ ዘንጎች ነው። ብረት ዝገት አለው፣ መብረቅም አለ። ሮም ሳለ በ2002 እ.ኤ.አ. መብረቅ መቶት ነበር። ዙሪያውን የብረት ማማ ሠርተው፣ ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ ደረደሩት። በዘመናችን ክሬንና በዘመናችን ኮምፒውተር ይህን ያህል ከባድ ነበር። የድሮዎቹ አንድ ወጥ አድርገው ነው ያቆሙት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የዝንጀሮ ራስ።

ሐውልቶቹ ላይ በየፎቁ የሚታዩት ክብ ጉብታዎች የዝንጀሮ ራስ ይባላሉ። ያኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ ጌጥ መስለውኝ አልፌያቸው ነበር። ጌጥ አይደሉም። የእንጨት ጫፍ ናቸው። የአክሱም ግንብ እንዲህ ነው የሚሠራው፦ ድንጋይ በጭቃ ትገነባለህ፣ የተወሰነ ከፍታ ስትደርስ በግድግዳው ርዝመት አግዳሚ እንጨት ታስተኛለህ፣ ከዚያ ግድግዳውን ከውስጥ ወደ ውጭ የሚያቋርጥ አጭር እንጨት ታደርግበታለህ፤ የሱ ጫፍ በሁለቱም በኩል ወጣ ብሎ ይቀራል። ያ የወጣው ጫፍ ነው የዝንጀሮ ራስ። አግዳሚዎቹን ቆልፎ ይይዛቸዋል። በጭቃ የተሠራ ግድግዳ ወደ ውጭ እንዳይነፋ፣ እንዳይሰነጠቅ ያስረዋል። እኛ ዛሬ በብሎኬት ግድግዳ መሐል ፌሮ አስገብተን ታይ ቢም፣ ማለትም ግድግዳውን የሚያስር አግዳሚ ኮንክሪት፣ የምንሞላው ለዚሁ ነው። ጋሼ ይህን ሲነግረኝ "ታይ ቢም!" ብዬ ጮህኩ። ሳቀብኝና "አዎ፣ ያንተው ታይ ቢም ነው" አለኝ።

ሐውልቱ እንግዲህ የእንጨትና የድንጋይ ቤት በአንድ ድንጋይ ላይ ሲገለበጥ ነው። አናጺው በእንጨት የሠራውን ጠራቢው በድንጋይ ደገመው። ቤቶቹ ፈርሰዋል፣ እንጨቱ በስብሷል። ምስላቸው ግን ሐውልቱ ላይ ቀርቷል። ይህን አሠራር እንጨቱ በቦታው እያለ ማየት የሚፈልግ ደብረ ዳሞ ይውጣ፣ ወይም ላሊበላ አካባቢ ይምርሐነ ክርስቶስ ይሂድ። ላሊበላ ቤተ አማኑኤልም ዙሪያውን ከአለት ተፈልፍሎ ይህንኑ ግንብ መስሎ ነው የተሠራው። ስንት መቶ ዓመት የቆየ የግንበኞች ቋንቋ ነው! በቃላቸው እያስተላለፉ፣ ከመምህር ወደ ተማሪ።

መቃብሮቹን በአጭሩ። የሐሰት በር የሚባለው ደስ ይላል። መቃብረ ነገሥቱ ረጅም መተላለፊያ አለው፣ ግራና ቀኝ አምስት አምስት ክፍል፣ ጣሪያው ወፍራም የድንጋይ ጠፍጣፋ ነው፤ ባትሪ ይዛችሁ ግቡ። እኔን የያዘኝ የጡብ ቅስት መቃብር ነው። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው፣ ቅስቶቹ በእሳት ከተተኮሰ ጡብ ናቸው፣ ማያያዣው ኖራ ነው፣ ቅርጻቸው የፈረስ ጫማ ይመስላል። ጡብ ማቃጠል ያውቃሉ፣ ቅስት ማዞር ያውቃሉ፣ ኖራ ያውቃሉ። ግን ቤታቸውን በጭቃና በእንጨት ሠሩ፣ ጡቡን ለተመረጠ ቦታ አስቀሩት። ስላልቻሉ አይደለም ማለት ነው፤ መርጠው ነው።

የዚህ መቃብር ችግር ውሃ ነው። ከሥር ይወጣበታል። የእናቴ ጥያቄ መልስ የጀመረውም እዚህ ነው። ከተማዋ አድጋለች። ቧንቧ ገብቷል፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ በየቤቱ አለ፣ አስፋልትና ኮብልስቶን ዝናቡ ድሮ ይሰርግበት የነበረውን መሬት ሸፍኗል፣ ጎርፉ ድሮ ይሄድበት የነበረው ቦይ ቤት ተሠርቶበታል። ውሃው ታዲያ የት ይሂድ? ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይሄዳል። ሐውልቶቹ ያሉት ደግሞ በሁለት ኮረብቶች፣ በቤተ ጊዮርጊስና በማይ ቆሖ መሐል፣ ማይ ሕጃ የሚባለው ወንዝ በሚወርድበት ሸለቆ ውስጥ ነው። በዚያ ላይ ከሥራቸው ያለው መሬት ድፍን አይደለም። ከሮም የመጣው ሊተከል ሲል በመሣሪያ ሲጠና፣ ሰው በየቀኑ የሚረግጠው መሬት ሥር ገና ያልተቆፈሩ መቃብሮች እንዳሉ ታውቋል። ክፍት ጉድጓድ፣ እርጥብ አፈር፣ ላዩ ላይ 160 ቶን። "እማማ፣ የቆመው አልደከመም፣ የቆመበት ነው የተለወጠው" አላት።

ምሳ አጭር ነበር፣ ሽሮና ቡና። አልፈዋለሁ።

ከሰዓት ዱንጉር ሄድን። የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት የሚባለው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፍራንሲስ አንፍሬ የተባለ ፈረንሳዊ አርኪዮሎጂስት ነው የቆፈረው። ወደ ሃምሳ የሚጠጉ ክፍሎች አሉት፣ አጠቃላይ ስፋቱ 3,000 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። እናቴ ደፉ ላይ ስትደርስ ነጠላዋን አስተካክላ ነው የገባችው። እኔ ሰጋሁ። ምክንያቱም ግንቡ የክርስቶስ ልደት ካለፈ ከ500 ዓመት ወዲህ እንደሆነ አንብቤያለሁ፤ ሳባ የምትባለው ከዚያ 1,500 ዓመት ትቀድማለች። ይህን ለእናቴ እንዴት ሊነግራት ነው?

እንዲህ ነገራት። "እማማ፣ አባቶቻችን የሳባ ቤት ይሉታል፣ እኛም እንደዚያው እንጠራዋለን። ድንጋዩን የሚያነቡ ሰዎች ደግሞ ግንቡ ከቅዱስ ያሬድ ዘመን አይርቅም ይላሉ።" እናቴ ትንሽ ዝም አለችና "እሷ ባትኖርበት ልጆቿ ኖረውበታል" አለች። "እሱን እኔም አልከራከርዎትም" አላት። በዚህ ብቻ ክፍያውን እጥፍ ብሰጠው ደስ ባለኝ።

ዱንጉር ላይ አሠራሩን በእጃችሁ ታገኙታላችሁ። ግድግዳው ቀጥ ብሎ አይሄድም። ትንሽ ሄዶ ወደ ውስጥ ይገባል፣ እንደገና ይወጣል። ረጅም የጭቃ ግንብ ቀጥ ብሎ ከሄደ ሆዱ ይወጣና ይሰነጠቃል፤ ይህ መግባትና መውጣት ራሱን እንዲደግፍ ያደርገዋል። ወደ ላይ ሲወጣም በየግማሽ ሜትሩ ገደማ በጣት ስፋት ወደ ውስጥ እየሸሸ ነው፣ እንደ ደረጃ። የማዕዘን ድንጋዮቹ ብቻ በሚገባ የተጠረቡ ናቸው፣ መሐሉ ያልተጠረበ ድንጋይ ነው። ገንዘቡን የት ማውጣት እንዳለበት ያውቃል ያ ግንበኛ። ጋሼ ከኪሱ ቱንቢ፣ ግድግዳ ቀጥ ማለቱ የሚለካበትን ክብደት የታሰረበት ክር፣ አውጥቶ አንዱ ማዕዘን ላይ አንጠለጠለውና ለእኔ ያዝ ብሎ ሰጠኝ። ክሩ ከድንጋዩ ጋር እኩል ወረደ። አንዳንዱ ግድግዳ ኋላ የተጠገነ መሆኑንም ሳይደብቅ እየለየ አሳየን። ደረጃ አለ፣ ስለዚህ ፎቅ ነበረው። ምድጃዎች አሉ። የውሃ መውረጃ አለ።

ከመንገዱ ማዶ የጉዲት ሐውልቶች የሚባሉት ገበሬ ማሳ ውስጥ ቆመዋል፣ ያልተጠረቡ፣ አጫጭር። እዚያ ደቂቃ ብቻ ቆምን፤ ግን ቤተ መንግሥቱንና ማሳውን በአንድ ዕይታ ሳይ የከተማዋ ቅርጽ ገባኝ። አክሱም የከተማ ቅጥር አልነበራትም። ክፍት ከተማ ነበረች። ቤተ መንግሥት፣ ማሳ፣ መቃብር፣ መንገድ፣ ሁሉም ጎን ለጎን።

ስንመለስ ጋሼ ባጃጁን መሐል አስፋልት ዳር አስቆመው። ምንም የሚታይ ነገር የለም። ሱቅ፣ ቤት፣ መኪና። ከቦርሳው የተጣጠፈ ፎቶ ኮፒ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1906 በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን ቡድን ያነሳው የታዕካ ማርያም ቤተ መንግሥት ፕላን ነው። 120 ሜትር በ80 ሜትር የሚሆን ግቢ፣ ከዱንጉር በጣም የሚበልጥ። አደባባዩ፣ ደረጃዎቹ፣ የክፍሎቹ ረድፍ ሁሉ በጥንቃቄ ተስሏል። "አሁን በላዩ ላይ ነው የቆምነው" አለኝ። በጣሊያን ወረራ ዘመን መንገዱ መሐሉን ሰንጥቆት አለፈ። የቀረን ወረቀቱ ነው።

ይህ ቦታ ከሁሉም በላይ ነው የነካኝ። ወረቀቱን ይዤ አስፋልቱ ላይ ቆሜ በሥራ ዘመኔ ስንት ጊዜ ኤክስካቫተር መሬት ውስጥ ሲገባ አብሬ እንደቆምኩ አሰብኩ። ምን እያነሳን እንደነበር አንድም ቀን ጎንበስ ብዬ አላየሁም። አክሱም ላይ ዛሬ ቤት የሚሠራ ሰው መሠረት ሲቆፍር የጥንት ግንብ ሊያገኝ ይችላል። የኢዛናን ባለ ሦስት ጽሕፈት ድንጋይ በ1981 እ.ኤ.አ. ያገኙት ገበሬዎች ናቸው፤ በግሪክ፣ በሳባና በግዕዝ ፊደል የተጻፈ፣ አሁን ትንሽ ቤት ተሠርቶለት እዚያው አለ። ስለዚህ እዚህ ከተማ ውስጥ ፕላን ማውጣት ማለት ሁለት ከተማ በአንድ ጊዜ ማስተዳደር ነው፣ ላይኛውንና ታችኛውን። ሰው ቤት ያስፈልገዋል፣ ውሃ ያስፈልገዋል። ቤት አትሥሩ ማለት አይቻልም። ግን ፍሳሹ የት እንደሚሄድ ሳይታሰብ ፎቅ መደርደር ይቻላል ወይ? ጋሼ አይቻልም ይላል፣ እኔም ከሱ ጋር ነኝ።

ጽዮን ማርያም ደረስን። እናቴ ወደ አዲሱ ገባች፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራው ባለ ትልቁ ጉልላት። እኔ ወንድ በመሆኔ አሮጌውንም አየሁ፣ ፋሲለደስ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩትን። በአሮጌው ግቢ ዙሪያ ያሉት ጠባብ መንገዶችና በጭቃና በድንጋይ የተሠሩ ጠፍጣፋ ጣሪያ ያላቸው ቤቶች ጊዜ ስጧቸው። ማይ ሹም ላይም ቆምን፣ ሕዝቡ የሳባ መታጠቢያ የሚለው ገንዳ፤ አንዱ ወገን አለት ተፈልፍሎ ደረጃ ወጥቶለታል፣ ጥምቀት የሚከበረው እዚያ ነው። የካሌብና የገብረ መስቀል መቃብር ላይ ስንደርስ ፀሐይ እየወረደች ነበር። ድንጋዮቹ ያለ ማያያዣ ተገጣጥመዋል፣ አንዱ የጎበጠ ከሆነ ጎረቤቱ ለሱ ጎብጦ ተጠርቧል። ምላጭ አይገባም። እናቴ አንዱን መገጣጠሚያ በጥፍሯ ሞከረችው፣ እኔም ሞከርኩት።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር፣ ሁሉ ጥሩ ነበር ብል እውነት አይሆንም። ጋሼ በፍጥነት ነው የሚሄደው፤ እናቴን ሁለት ጊዜ ጥሏት ሄዷል፣ ስነግረው ይቅርታ ጠይቆ ቀስ አለ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ ግን ረሳው። አንድ ማዕዘን ላይ አርባ ደቂቃ ማውራት ይችላል። እኔ ወደድኩት፣ ልጆች ይዞ የሚሄድ ሰው ግን ይቸገራል። የነገሥታት ታሪክና ሳንቲም የሚፈልግ ሰውም አይረካም፣ እነሱን ቶሎ ነው የሚያልፋቸው። የያዛቸው ፎቶ ኮፒዎች ተቀዳደዋል፣ ጽሑፋቸው አይነበብም። ደረሰኝ የለውም። ባጃጁም ከሰዓት ዘግይቶብን ፀሐይ ላይ ሃያ ደቂቃ ቆመናል።

የምትሄዱ ከሆነ ግን ጥቂት ነገር ያዙ። በጠዋት ጀምሩ፣ ጎበድራ ላይ ጥላ የለም። ወፍራም ጫማ አድርጉ። የስልካችሁን ባትሪ ሙሉ። አዛውንት ይዛችሁ ከሆነ የካሌብን ቦታ ወደ ጠዋት እንዲያመጣው ቀድማችሁ ንገሩት፣ ዳገቱ ከሰዓት ይከብዳል። ሙያችሁ ግንባታ ከሆነ ደግሞ ንገሩት። እኔ የነገርኩት ከምሳ በኋላ ነበር፤ ቱንቢውን ያወጣው ከዚያ በኋላ ነው።